ሆዴ ውስጥ የተፈለገችው አሊስ

በሽታም እንደ ሰው ዕድሉ በስሙ ነው። ትርፍ አንጀት ይዞኝ ቢሆን ኖሮ መምህራን ክፍል ገብቼ ደረቴን ነፍቼ አወራው ነበር፤ ትርፍ ያለው ሰው መባል አይከፋም። ጨጓራ ቢሆን የአሳቢ ሰው ነው። ስኳር ቢሆን የሞላለት ነው። እኔን የያዘኝ ግን ቡአ ነው። እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፤ ቡአ አለብኝ ብሎ ማን ተከብሮ ያውቃል? ቃሉ ገና ከአፍ ሲወጣ ሰሚው ዓይኑን ወደ ታች ይልካል።

አያያዙም ቢሆን የሚያኮራ አልነበረም። ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዝናብ ጥሎ ጭቃ የዋጣትን የጎረቤቴን ባጃጅ ስገፋ ነው። ባጃጇ ወጣች። እኔም ውስጥ አንድ ነገር ወጣ። ጎረቤቴ አመስግኖኝ ሄደ፤ እኔ የወጣብኝን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ሰው ሲያፍር በጨርቅ ይሸፈናል፣ እኔ በቃላት ነው የምሸፈነው። ስለዚህ ለባለቤቴም፣ ለአማቴም፣ ለርዕሰ መምህሩም አንድ መልስ አዘጋጀሁ፤ "የሆድ ነገር ነው" የሚል። ሆድ በእኛ ቋንቋ ምግብ ማስቀመጫ ብቻ እንዳልሆነ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አስተምራለሁ። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይሻክራል፣ ሆድ ይባባል፣ ሰው ከሆዱ የሚያኖረው ሰው አለው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለሚስቴ "የሆድ ነገር ነው፣ ተይው" አልኳት። ተማሪዬ ቢሆን የጻፈው በቀይ አሰምርበት ነበር።

ታደለች፣ ባለቤቴ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ የዕቃ ሱቅ አላት። ድስት፣ ሲኒ፣ ጭልፋ፣ ፔርሙስ ትሸጣለች። የሸክላ ሳህን በጥፍሯ ነካ አድርጋ የተሰነጠቀውን ከደህናው በድምፁ የምትለይ ሴት ናት። እኔንም በጥፍሯ ነካ ነካ ስታደርገኝ ከረመች።

"ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

"ድምፅህ ልክ አይደለም።"

ልክ አልነበረም። አንድ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ መሄድ ጀምሬአለሁ፤ ውጪ ሊወጣ የሚፈልገውን ነገር ወደ ውስጥ ለመያዝ ነው። ተማሪዎቼ ኩራት መሰላቸው። አንድ ሁለቱማ እነሱም ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን ከትተው መሄድ ጀመሩ። ሐኪም ጋ የምሄድባቸውን ሰዓቶች "የመምህራን ስብሰባ" አልኳቸው። የነርሷን ስልክ "ሲስተር" ብዬ መዘገብኩት፤ ስትደውል ደግሞ ወደ በረንዳ እወጣለሁ። አሁን ሳስበው፣ ውሽማ ያለው ሰው እንኳ እንደ እኔ አይጠነቀቅም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የእኔ የባሰው አማቴ ቤት ነው። አንድ እሑድ "እስቲ ያቺን ጄሪካን አንሳልኝ" አሉኝ። አማት "አንሳ" ካለች ይነሳል። አነሳሁ። የወጣው ወጥቶ አልመለስም አለ፤ እኔም ጄሪካኑን ይዤ ተንበርክኬ ቀረሁ። አማቴ የተንበረከክሁት ለምርቃት መስሏቸው መረቁኝ፤ ምርቃቱ ሲያልቅ የወጣው ቀስ ብሎ ተመለሰ። በማግስቱ ዶክተሩ ፊቱን አኮሳትሮ፣ "ሌላ ቀን እንዲህ ተይዞ ቢቀር አንጀትዎ ይታነቃል፤ ሳይውል ሳያድር ይሠራ" አለኝ።

ለታደለች የነገርኳት የኦፕሬሽኑ ዋዜማ ነው።

"ምንህን ነው የሚሠሩህ?"

"የሆድ ነገር ነው።"

"ሆድህ ውስጥ ምን አለ?"

"ሲያወጡት ይታያል" አልኳት። ተነስታ አንሶላና ሳፋ ማዘጋጀት ጀመረች።

ጠዋት ሆስፒታል ስንደርስ አማቴ ቀድመውናል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፔርሙሳቸውን አቅፈው፣ ልክ ከኦፕሬሽን ክፍሉ በር ሥር ያለችውን አግዳሚ ይዘዋል። ታደለች አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔን አስገቡና ከፊት ቀሚስ፣ ከኋላ ምንም ያልሆነ ልብስ አልብሰው፣ በተሽከርካሪ አልጋ መጋረጃ አጠገብ አቆሙኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ነርሶች ያወራሉ።

"ለእሳቸው የትኛዋን ሴት እናውጣ?"

"ለቡአ ትንሿ ትበቃለች።"

"ትንሿ ገና ከመቀቀያው አልወጣችም።"

"ትልቋስ?"

"ትልቋ ወጥታለች፣ ግን እርጥብ ናት። እኔ እርጥብ ሴት አልከፍትም።"

"እንግዲያው ትንሿ ወጥታ እስክትቀዘቅዝ ይጠብቁ።"

እኔ መቼም ሙያዬ ነውና፣ በድንጋጤ ውስጥ ሆኜም ዓረፍተ ነገሩን መተንተኔ አልቀረም። ባለቤቱ አለ፣ ግሡ አለ፣ የሴት ጾታ አመልካቹ በትክክል ገብቷል። ሰዋስዉ እንከን የለውም። ያስፈራኝ ትርጉሙ ነው። ሴት የሚቀቅሉ ሰዎች እኔን ምን ሊያደርጉኝ ነው? ተነስቼ እንዳልሮጥ ልብሱ ከኋላ ክፍት ነው። ደግሞም አማቴ በሩ ላይ ናቸው። ሰው በአማቱ ፊት በዚያ ሁኔታ ከሚያልፍ ቢቀቀል ይሻለዋል።

መጋረጃው ተገለጠና ሲስተር መሠረት መጣች፤ በስልክ የማውቃት ነርስ ናት። ድምፄን አለስልሼ፣ "ሲስተር፣ ያቺ ትንሿ ሴት... ደህና ናት?" አልኳት። ሲስተር መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አልጋዬን ተደግፋ ሳቀች፤ አፏን የሸፈነችበት ጭንብል አገጯ ላይ ወረደ።

"ጋሼ፣ ሴት ማለት እኮ መሣሪያው ነው። መቀሱ፣ መቆንጠጫው፣ ሁሉም አንድ ላይ ታጥቦ፣ ተቆጥሮ፣ በጨርቅ ታስሮ በእንፋሎት ይቀቀላል። ያ ነው አንድ ሴት።"

"ስብስብ ብትሉት ምን ይጎድልባችኋል?"

"ስብስብማ ቀበሌ ነው ያለው" አለችኝና አልጋዬን እየገፋች አስገባችኝ።

ከወገቤ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ወጉኝ። ከደረቴ በላይ ግን ሙሉ ሰው ነኝ፤ እሰማለሁ፣ አያለሁ፣ ከፈቀዱልኝም አወራለሁ። ትንሿ ሴት መጣች። አረንጓዴ ጨርቋ ሲፈታ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የታደለች ሱቅ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ጫፉ የታጠፈ መቀስ፣ ጫፉ የቀና መቀስ፣ እንደ ጭልፋ የጎበጠ ብረት፣ እጀታቸው እንደ መቀስ ሆኖ አፋቸው ግን እንደ አዞ የሚነክስ መቆንጠጫዎች፣ ሁሉም ተወልውለው ያበራሉ። ከእኔ በፊት ስንት ሰው ሆድ ገብተው እንደወጡ አሰብኩ። ያን ሁሉ ሆድ ገብተው አይተው የማንንም ምስጢር አላወሩም። እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል?

ደረቴ ላይ ከታች ያለውን እንዳላይ ጨርቅ ጋረዱልኝ። ጨርቁ እንዳይወድቅ አንዲት የምታብረቀርቅ የልብስ መቆንጠጫ ከአፍንጫዬ ትይዩ ነክሳ ይዛዋለች። ሌላ የማየው ስለሌለኝ እሷን ማየት ጀመርኩ።

"ሞስኪቶ" አለ ዶክተሩ።

ደነገጥኩ። በእንግሊዝኛ ቢንቢ ማለት ነው፤ እኛ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች አመሻሽ ላይ ቢንቢ እንዳይገባብን መስኮት የምንዘጋ ነን፤ እዚህ ተጠርታ ትገባለች።

"ሌላ ሞስኪቶ። ኬሊ። አሊስ።"

"ሲስተር፣ አሊስ ማን ናት?"

"መቆንጠጫ ናት ጋሼ፤ ዝም ይበሉ።"

ዝም አልኩ። ግን ዝም ያለ ሰው ጆሮው ይሰፋል። ዶክተሩ አሊስን ደጋግሞ ጠራት። አሊስን ስጪኝ፣ አሊስን ያዢልኝ፣ አሊስ ትበቃኛለች። በመካከሉ ኬሊ ተመለሰች፣ ሞስኪቶዎቹም ተመለሱ። እንደ ሠርግ ቤት ስሙ የሚጠራው ብዙ ነው፤ ያልተጠራሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልቤ እየተረጋጋ መጣ። ይኸው ነው እንዴ ስሸሸው የከረምኩት? ምናለ ለታደለች ነግሬያት ቢሆን ኖሮ አልኩ በሆዴ፤ ያኔ ሆዴ የተከፈተ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ሊዘጉኝ ሲሉ ሲስተር መሠረት መሣሪያዎቹን መቁጠር ጀመረች። ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

"ዶክተር፣ አንዷ አሊስ የለችም።"

የዶክተሩ እጅ ቆመ። አላየሁትም፣ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሲቆም ይታወቃል። "አሊስ ካልተገኘች አልዘጋም" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ እኔ አላወራም፤ ሁሉም አሊስን ሆነ። መሬቱን አዩ፣ ባልዲውን አዩ፣ የጨርቁን እጥፋት አራገፉ። እኔ የማደርገው ቢጠፋኝ በልጅነቴ የማውቃቸውን ጸሎቶች ሁሉ ደረደርኩ፤ ስለቸኮልኩም የአንዱን መጀመሪያ ከሌላው መጨረሻ ጋር ቀጠልኩት።

አንዲት ረዳት ነርስ በሩን ከፍታ፣ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ያሉት እንዲሰሟት ጮክ ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ በበሩ ማዶ የሆነውን የማውቀው ቆይቶ በተነገረኝ ነው፤ ግን ቦታው እዚህ ነው።

"አሊስ እናንተ ጋ ናት እንዴ? ጠፍታብናለች። ሰውዬው ሆድ ውስጥ ቀርታ እንዳይሆን ብሎ ዶክተሩ እየፈለጋት ነው።"

በሩ ተዘጋ። አማቴ የፔርሙሱን ክዳን አጥብቀው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ማናት አሊስ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ እማዬ።"

"ሆዱ ውስጥ ነው ያለችው?"

"እንደዚያ አሉ።"

አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "የሆድ ነገር ነው ብሎ የለ" አሉ።

ውስጥ እኛ ይህን አናውቅም። ዶክተሩ ራጅ እንዲመጣ አዘዘ። እኔ ፍርሃቴን ላስታግስ ብዬ ያቺን የልብስ መቆንጠጫ ትክ ብዬ አያለሁ። ጥርሷ ጥቃቅን ነው፤ አያያዟ የማይለቅ ነው። መሞቴ ካልቀረ እንኳ ለታደለች አንድ የሚጠቅም ነገር ላውርሳት ብዬ፣ "ሲስተር፣ ይቅርታ፣ እንዲህ ያለ ጠንካራ የልብስ መቆንጠጫ ከየት ነው የምታመጡት? ባለቤቴ ሱቅ የፕላስቲኩ እየተሰበረ..." አልኩ።

ሲስተር መሠረት ቀና አለች። እኔን አየች፣ መቆንጠጫዋን አየች።

"አሊስ" አለች ቀስ ብላ።

የጨርቅ መቆንጠጫ ስላጠረ ለካ ራሷ ሲስተር በአሊስ አስይዛው ኖሯል። እኔ ሆዴ ውስጥ ስትፈለግ የነበረችዋን ሴት አፍንጫዬ ሥር አስቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳደንቃት ነበር። ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሰ። "በሉ ልዝጋ" አለ።

ተገፍቼ ስወጣ ታደለችና አማቴ ቆመው ይጠብቁኛል። ደስታ ሰውን ሞኝ ያደርጋል፤ እኔን ለማድረግ ደግሞ ብዙ መድከም አላስፈለገውም።

"ታዱዬ፣ አሊስ ተገኘች" አልኳት።

"የት?"

"አፍንጫዬ ሥር። እነሱ ሆዴ ውስጥ ሲፈልጓት እኔ ሳያት ነበር የቆየሁት።"

አማቴ፣ "አሁን ወጣችለት ማለት ነው?" ብለው ልጃቸውን ጠየቁ።

"ፈጽሞ አልገባችም እኮ፣ እማማ። አሊስ ከትንሿ ሴት ውስጥ ያለች ናት" አልኳቸው።

"ትንሿ ሴት ደግሞ ማናት?"

የታደለች ፊት እንደ ዝናብ ሰማይ ሲጠቁር አየሁና ነገሩን ላቃና ብዬ ሕይወቴን ሙሉ የምጸጸትበትን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። "ሴት ማለት እኮ ሴት አይደለም" አልኳት። ባል ለሚስቱ ሊናገር የማይገባው ነገር ብዙ ነው፤ ይህ ግን ከፊተኞቹ ነው። እንደ ክፍል ውስጥ ላብራራው ሞከርኩ፤ የውጭ ቃል መሆኑን፣ ከእኛው ቃል ጋር ድምፁ መገጣጠሙን፣ በሕክምና ደግሞ... አማቴ የፔርሙሳቸውን ሻይ ለጎረቤት አስታማሚ ቀዱለት። እኔን ዘለሉኝ።

በማግስቱ ታደለች አጥሚት አመጣችልኝ። ሳትናገር አበላችኝ። ከዚያ ብርቱካን ትልጥ ጀመር። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ከዚያች ቢላ ልጣጩ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም። ዝምታው ሲከብደኝ ስለ ሴት ትርጉም ያቋረጥኩትን ትምህርት ልቀጥል ሞከርኩ።

"ሴት ምን እንደሆነች እኔ አውቃታለሁ" አለችኝ። "ሲኒ ነጋዴ ነኝ። አንድ ሴት ስድስት ሲኒ ነው፣ ከነማስቀመጫው። እኔ የጠየቅሁህ ስለ አሊስ ነው።"

ሲስተር መሠረት ቁስሌን ልታይ ስትመጣ ታደለች ተነሳች። "ሲስተር፣ አሊስ የምትባለዋን ላያት እፈልጋለሁ" አለቻት፤ በቃ፣ እንዲሁ። ሲስተር እኔን አየችኝ። ፊቴ ላይ ያለውን ልመና አይታ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳትስቅ ሁለቱንም፣ ታደለችንም አማቴንም፣ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ይዛቸው ሄደች። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ቀረሁ። ፍርድ ቤት ቀርቦ ምስክሩ ብረት የሆነበት ሰው ሁኔታዬን ያውቀዋል።

ሲመለሱ አማቴ የመጀመሪያውን ሻይ ቀዱልኝ። ጥሩ ምልክት ነው አልኩ። ታደለች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አየኋት።"

"እና?"

"ጥርሳም ናት። ብረቷ ግን ጥሩ ነው።"

"እንግዲህ ታረቅን?"

"እኔና አሊስ ታርቀናል" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ካርቶን አውርድልኝ ስልህ ታወርድ ነበር። ድስቱን ሁሉ ከመኪና ያወረድከው አንተ ነህ። ይህን ነገር ይዘህ። ተንበርክከህ የቀረህ ቀን እማዬ ስትመርቅህ እኔም አሜን እያልኩ ነበር። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ አንጀትህ ቢታነቅ እኔ ሲኒ እየቆጠርኩ... " አልጨረሰችውም። "ሴት ብትሆን እኮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ሆድህ ውስጥ ያለውን ግን ዶክተሩ ከእኔ በፊት አወቀው።"

ያን ሁሉ ዘመን የምኮራባቸው ቃላት አንዳቸውም አልመጡልኝም። "ቡአ ነው" አልኳት። "አፍሬ ነው።" አማቴ ፊት ነው ያልኩት። አማቴ ሰሙ፤ ወደ መስኮቱ ዞሩና ሐይቁ ከዚህ ይታያል እንዴ ብለው ማንን እንደሆነ ሳይታወቅ ጠየቁ። ታደለች አንሶላዬን እንደሚያስተካክል ሰው እጄን ያዘችኝ፤ ግን ገና አልሳቀችም። ሳቅዋን የማያገኝ ሰው ቤቱ ቢገባም አልገባም።

የምወጣ ቀን ዶክተሩ መጣ። ከባድ ነገር እንዳላነሳ፣ ባጃጅ እንዳልገፋ፣ ሳልም ሆነ ሳቅ ሲመጣ ስፌቱን በእጄ ደገፍ እንዳደርግ ነገረኝ። ሊሄድ ሲል ታደለች አቆመችው።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሆዱን ከፍተው አይተውታል አይደል?"

"አዎ፣ አይቼዋለሁ።"

"ውስጡ ነበርኩ?"

ዶክተሩ እኔን አየኝ፣ እሷን አየ። እንደ ቁም ነገር አሰበበት።

"እኔ የከፈትኩት ታች በኩል ብቻ ነው" አለ። "እርስዎ ከዚያ በላይ ሳይሆኑ አይቀሩም።"

አማቴ ፔርሙሳቸውን አቅፈው ከተቀመጡበት ቀና አሉ። "ታዲያ ልጄ፣ ወደ ቤቱ ሳይሄድ እግረ መንገድህን የላዩንም ከፍተህ ብታይልን ምናለ?" አሉት። "ሴቷ እንደሆነች ተቀቅላ ተቀምጣለች፤ አሁን አይተናት መጣን።"

ታደለች ሳቀች። እኔም ስፌቴን በሁለት እጄ ይዤ፣ እያመመኝ፣ አብሬያት ሳቅሁ።